ቄጠማ የተጻፈበት ካርቶን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትዕግሥት በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። እንደ እኔ የጉምሩክ ሠራተኛ ከሆነች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ የምትሠራው ከዚህ ሩቅ ነው። ፎቶው ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ይታያል፤ ቅጠልም ይመስላል፣ ምንጣፍም ይመስላል። ከሥሩ «አባባ፣ ይህ በየትኛው የታሪፍ ምዕራፍ ይመደባል? ቶሎ ይንገሩኝ፤ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀ ነው» ብላ ጽፋለች።

«ጀርባውን አዙረሽ አይተሻል?» ብዬ መለስሁላት።

«ፎቶው ግልጽ አይደለም እንዴ?»

«ግልጽ ነው። ፎቶ ግን ጀርባ የለውም።»

ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠሁም። ባለቤቴ ተቆጣች፤ «ልጅቱ ቸግሯት ነው የጠየቀችህ፤ አንድ ቃል ብትመልስላት ምን አለበት?» አለችኝ። እኔ ግን በአንድ ቃል ሰው በድዬ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ያን በደል ሳልሸፋፍን ለመናገር ነው። ልጆቼም ያንብቡት።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሥራ የጀመርሁት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጉምሩክ ዕቃ መጋዘን ዘበኛ ሆኜ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ከአንድ እግሩ ሥር የተደረገ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን አወጣሁና በምትኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግሁ። የታሪፍ መጽሐፍ ኖሯል። ከቁም ከብት ይጀምራል፤ በሥዕልና በጥንታዊ ቅርስ ያበቃል። በዓለም ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታና ቁጥር አለው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሦስት ክረምት አነበብሁት። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ ያላገጠብኝ ግን ብዙ ነበር።

ከዘበኛነት ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ መዝገብ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍተሻ ተዛወርሁ። ቆላው ጠረፍ ላይ ሠርቻለሁ፤ በወባ ሁለት ጊዜ ወድቄ ተነሥቻለሁ። እዚያ የነበረው ኃላፊዬ የሰውን ትጋት በሚመታው ማኅተም ብዛት የሚለካ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ማኅተም መምታት የሚፈራ። ከሁለቱም የተማርሁት ትንሽ ነው። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ አቶ ጥሩነህ ነው። ያገኘሁት ደረቅ ወደብ ስመደብ ነው። ከጮቄ ተራራ በታች ያለችው የሮብ ገበያ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ስለነበር የቢሮው ሰው ሁሉ «መሪጌታ» ይለው ነበር። ማኅሌት መርቶ አያውቅም፤ ስሙ ግን ተጣበቀበት።

የታሪፍ አመዳደብ ማለት ባጭሩ፣ ከውጭ የገባ ዕቃ ምን እንደሆነ አጣርቶ በመጽሐፉ ውስጥ ቦታውን መስጠት ነው። ቦታው ሲለወጥ ቀረጡ ይለወጣል። ነጋዴው አንድ ቦታ ብሎ አስመዝግቦ ፈታሹ ሌላ ቦታ ካለው ደግሞ ነጋዴው አታላይ ሊባል ይችላል። ስለዚህ መሪጌታ ዕቃ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ ነበር። ከኪሱ መርፌ፣ ምላጭና ትንሽ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። ካርቶን ሲከፍት ደግሞ ጽሑፉ ወደ ግድግዳ እንዲዞር ያደርግ ነበር። «ካርቶን የነጋዴ አፍ ነው» ይላል፤ «ነጋዴው ባይዋሽ እንኳ አፉ ይሳሳታል። እጅህ ያንብብ።»

አንድ ቀን አንድ እስር ቅጠል ሰጠኝ። «እውነተኛ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?» አለ።

ዳሰስሁት። ለስላሳና ወዛም ነው። «ሰው ሠራሽ» አልሁ።

«በምን አወቅህ?»

«እውነተኛ ቢሆን ይደርቅ ነበር።»

«አንተስ ስታረጅ እንዳትደርቅ ቅባት ቢቀቡህ ሰው መሆንህ ይቀራል?»

ሁለት ቅጠል ለይቶ አነባብሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛቸው። የአንዱ ጅማት ከሌላው ጅማት ጋር አልገጠመም። «መንታ ፈልግ» አለኝ። «ሰው ሠራሽ ቅጠል መንታ አያጣም፤ ሁሉም ከአንድ ቅርጽ ማውጫ ነው የወጣ። እግዜር የሠራውን ግን ሺህ ብታገላብጥ መንታ አታገኝለትም።» እስከ ምሳ ሰዓት ፈለግሁ። መንታ አላገኘሁም። እንዳይደርቅ ተብሎ በመድኃኒት የተነከረ የዛፍ ቅጠል ነበር፤ ቦታው ከዕፀዋት ጋር ነው።

«ሰው ሠራሽ መሆኑን ብታውቅም ገና ግማሽ መንገድ ነህ» አለኝ ሌላ ጊዜ። «እንዴት እንደተያያዘ እይ። የታሰረ፣ የተጣበቀ ወይም አንዱ ባንዱ ውስጥ የተሰካ ከሆነ ቦታው ከሰው ሠራሽ አበባና ቅጠል ጋር ነው። ከብረት ቆርቆሮ ባንድ ምት የተቆረጠ ከሆነ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ብርጭቆም ወደ ብርጭቆው። ስለዚህ አገልብጠህ ጀርባውን እይ፤ ከዚያ ስበው። ቅኔ ቤት ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ተምሬያለሁ፤ ጉምሩክ ደግሞ ዕቃም ሁለት ፊት እንዳለው አስተማረኝ።»

ይህን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ የበደልሁት። ባላውቅ ኖሮ ይቅርታው ይቀል ነበር።

መሪጌታ ጡረታ ወጥቶ ወደ ሮብ ገበያ ከተመለሰ በኋላ እኔ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ኬላ ተዛወርሁ። ቤተሰቤ ደብረ ማርቆስ ነበር። የኬላውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኬላው አይደለም። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ያቃሰተ የጭነት መኪና ሁሉ ደጀን ላይ ሞተሩን አቀዝቅዞ በእኛ በኩል ያልፋል። በጥር ወር አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ አስቆምሁ። ከጫነው ውስጥ ሃያ አራት ካርቶን የወይዘሮ ዘይነባ ነበር። ዘይነባ የደምበጫ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ከፍታ የሠርግ አዳራሽና ድንኳን ታስውባለች። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ዕቃዋን አጅባ ትመጣ ነበር።

ዲክላራሲዮኑ፣ የዕቃው ማስመዝገቢያ ሰነድ፣ «ሰው ሠራሽ ቅጠል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ» ይላል። ካርቶኖቹ ላይ ግን በወፍራም እስክሪብቶ «ቄጠማ» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ቄጠማ ሲባል የሚታየኝ ቤት ተጠርጎ በዓል ሲሆን መሬት ላይ የሚጎዘጎዘው ነው። ቄጠማ ይረገጣል። የሚረገጥ ነገር ምንጣፍ ነው። የምንጣፍ ቦታው ሌላ ነው፤ ቀረጡም ይከብዳል። ይህ ሁሉ በራሴ ውስጥ ያለፈው ካርቶኑ ሳይከፈት ነው። አማርኛ የማያነብ ባዕድ ሰው በኔ ቦታ ቢቆም ኖሮ አይሳሳትም ነበር።

አንዱን ካርቶን ከፈትሁ። ክንድ በክንድ የሆነ አራት ማዕዘን፣ ላዩ ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠል የለበሰ ነገር ወጣ። አስፋልቱ ዳር ዘረጋሁና በጫማዬ ቆምሁበት።

ዘይነባ ከመኪናው ወረደች። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንጣፍ መሆኑን እያየሁ።» 

«ምንጣፍ አይደለም። ሙሽሮች ሲቀመጡ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ቅጠል ነው።»

«ካርቶኑ ላይ ቄጠማ ብለሽ የለም እንዴ?» አንቺ አልኋት፤ እሷ እርስዎ እያለችኝ።

«እሱን ያጻፍሁት እኔ ነኝ። ከላኪው ጋር ስንነጋገር በዚህ ስም ጻፉልኝ አልኋቸው። የሱቄ ስም ነው። ቀጭኑን ቄጠማ እላለሁ፣ ሰፊውን ኮባ እላለሁ፤ መጋዘን ውስጥ እንዳይቀላቀልብኝ።»

«እንግዲያ ስሙን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።»

«ወላሂ፣ ወንድም ጋሼ፣ እኔ ባሌን አንበሳ ነው የምለው። እሱንም ከአራዊት ምዕራፍ ሊመድቡት ነው?»

ሾፌሩ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። የኔ ባልደረቦችም ፈገግ ሲሉ አየሁ። ሳቃቸው ዘበኛ ሳለሁ የታሪፍ መጽሐፍ ሳነብ ያላገጡብኝ ሰዎች ሳቅ መስሎ ተሰማኝ። ካርቶኑን አስዘጋሁ፣ ዕቃው እንዲያዝ አዘዝሁ፣ ሪፖርቱንም ቁጭ ብዬ ጻፍሁ፤ «ዕቃው ምንጣፍ ሆኖ ሳለ ባለቤቷ ሆን ብላ ቅጠል ነው ስትል አስመዝግባለች።»

ሆን ብላ። ሆን ብላ መሆኑን በምን አወቅሁ? አላወቅሁም። ጽሕፈቱ ሲያምርልኝ ጨመርሁት።

ዕቃው ደብረ ማርቆስ መጋዘን ገባ፤ ዘይነባም ቃሏን እንድትሰጥ ተጠራች። ወሩ ጥር ነው፤ የሠርግ ወር። የሦስት ቤት ሠርግ ልታስውብ ቃል ገብታ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማው ሁሉ «ዘይነባ ኮንትሮባንድ ስታስገባ ተያዘች» አለ። ነጋዴ ዕቃ ቢጠፋበት ይተካዋል። ስሙ ሲጠፋ ግን የሚተካበት ገበያ የለም።

እሑድ ወደ ሮብ ገበያ ሄድሁ። ለመሪጌታ ልኩራራበት ነበር። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ከድንቹ ማሳ ዳር ፀሐይ ይሞቃል። ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ባሏ የቀለደችውን ሳይቀር። አልሳቀም።

«ጀርባውን አየኸው?» አለኝ።

«ቆምሁበት እኮ፤ አይሰበርም።»

«የጠየቅሁህ እግርህን አይደለም።»

«ቅጠሉን ሳብኸው?» ሲል ቀጠለ።

«አልሳብሁትም።»

«ካርቶኑንስ ወደ ግድግዳ አዞርኸው?»

ባለቤቱ ምሳ ልታቀርብ ስትነሣ በእጁ መለሳት። «መኪናው ያመልጠዋል፤ ይሂድ» አለ። ከዚያ ቤት ሳልበላ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት ደብረ ማርቆስ መጋዘን ገባሁ። ካርቶኑን ወደ ግድግዳ አዞርሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ያን አራት ማዕዘን አወጣሁና ገለበጥሁት። ምንጣፍ ቢሆን ጀርባው ጨርቅ ይሆን ነበር፤ ሣሩ በጨርቁ ተሰፍቶ በሙጫ ይታተም ነበር። ይህ ግን ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ከሥሯ ጉጥ አላት፤ ጉጧ ቀዳዳው ውስጥ ገብታለች። አንዷን ሳብሁ፤ ጧ ብላ ወጣች። መልሼ ሰካኋት፤ ቀጭ ብላ ገባች። አሥር ያህል ነቅዬ መለስሁ። አንዱ ባንዱ ውስጥ የተሰካ፤ መሪጌታ እንዳለው። ቅጠል ነው። ዘይነባ ያስመዘገበችው ቦታ ትክክል ነበር።

መሳሳት የሰው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስሕተት አይባልም። ዝም አልሁ።

ቡድን መሪ ሊመደብ ስሜ ከቀረቡት ውስጥ ነበር። «ዘበኛ የነበረው ሰውዬ ቅጠልና ምንጣፍ አይለይም» ሲሉኝ ታየኝ። ነገ እናገራለሁ አልሁ፤ ነገ ሲመጣ ከነገ ወዲያ አልሁ። በዚያው ሳምንት ትዕግሥት፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ የሰበረችውን የመስታወት ብርጭቆ ደብቃ በማግስቱ ተገኘባት። «ለምን ዕለቱን አልተናገርሽም?» ብዬ አንበርክኬ ቀጣኋት። አንድ ቀን ነው ዝም ያለችው። እኔ አራተኛ ቀኔ ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የጎረቤት ሠርግ ተጠራሁ። ዘይነባ ታስውበዋለች ከተባሉት ሦስቱ አንዱ ነው። ድንኳኑን በችኮላ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው አልብሰውታል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ጠወለገና ከሙሽሮቹ በላይ ተንጠለጠለ። ከጎኔ ያሉት ሰዎች ያወራሉ።

«የዘይነባ ቅጠል ነበር የታሰበው እኮ።»

«ምን ዋጋ አለው፤ ሌባ ሆና ተገኘች።»

የሙሽራዋ አባት ሰማና ጠጋ አለ። «የተሰረቀ ቅጠል ከልጄ ራስ በላይ አይሰቀልም ብያለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንኳን ያዛችኋት፣ አቶ ፈንታሁን። እንዳንተ ያለ ሰው አያሳጣን» ብሎ ከራሱ ሳህን ሥጋ አንሥቶ አጎረሰኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ዋጥሁትም።

እስከ ዛሬ ስለ ሥራ ዘመኔ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ጉርሻ ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ካወቅሁ ዘጠኝ ቀን አልፎ፣ ደብዳቤ ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁ። ዕቃው ቅጠል መሆኑን፣ «ሆን ብላ» ያልሁት ያለ ማስረጃ መሆኑን፣ ይህንም ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እያወቅሁ ዝም ማለቴን ጻፍሁ።

ኃላፊዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዕቃዋን በድጋሚ ተጣርቶ ነው ብለን እንለቅላታለን» አለ። «ይህን ደብዳቤ ግን ውሰደው። ዝም ካልህ ይረሳል።»

«የሚረሳው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«ፈንታሁን፣ ከዘበኛነት ተነሥተህ ቡድን መሪ ልትሆን ሳምንት ሲቀርህ ይህን ታደርጋለህ?»

«ዘበኛ ሳለሁ ከጠበቅሁት ዕቃ አንድም አልጠፋብኝም» አልሁት። «አሁን የሰው ስም ጠፍቶብኛል።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፣ ስሜ ከዕጩዎቹ ወጣ፣ ወደ መዝገብ ቤትም ተመለስሁ። ተገቢ ነበር። ዕቃው ተለቀቀ።

የደብዳቤውን ግልባጭ ይዤ ዘይነባ ሱቅ ሄድሁ። ቆማ አነበበችው፤ አጥፋ መለሰችልኝ። ቡና ይጠጡ፣ ይቀመጡ አላለችኝም።

«ዕቃዬን መልሰውልኛል፤ አላህ ይስጥዎ» አለች። «ዘጠኙን ቀንስ ማን ይመልስልኛል?»

«ጥፋቴን ጽፌያለሁ፣ ወይዘሮ ዘይነባ። እርስዎ ምን አድርግ ይሉኛል?»

«ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ነው የሚያድር። የኔ ስም የጠፋው ፋይል ውስጥ አይደለም፤ ሠርግ ቤት ነው። እዚያው ሄደው ይንገሩልኝ።»

ሄድሁ። ሦስቱንም ቤት በየተራ አንኳኳሁ። ሁለቱ «ይሁን እንግዲህ» ብለው አሰናበቱኝ። ያጎረሰኝ ሰው ግን እስክጨርስ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ያን ዕለት ጉርሻዬን ስትቀበል ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«በል ደኅና ዋል» አለኝ። እስካሁን ስንገናኝ በአንገት ሰላም እንባባላለን፤ ሌላ የለም። እሱ ግን በሁለተኛው ልጁ ሠርግ ዘይነባን ጠራት።

የትዕግሥት ፎቶ በመጣ ማግስት ወደ ዘይነባ ሱቅ ሄድሁ። ሱቁ ሰፍቷል፤ እሷም ሸበተች። ከመደርደሪያው ሥር የተደረደሩት ካርቶኖች ላይ አሁንም በወፍራም እስክሪብቶ «ቄጠማ» ተጽፏል።

«ያን ሁሉ አይተው አሁንም ቄጠማ ይላሉ?» አልኋት።

«እርስዎን የሚመስል ሰው ቢመጣ ከፍቶ ማየት ይልመድ ብዬ ነው።» ከዚያም «ምን ሊገዙ ነው? ዛሬም ሊቆሙበት ነው?» አለች።

«ለልጄ ነው። እንደ እኔ ፈታሽ ሆናለች።»

ዘይነባ ትኩር ብላ አየችኝ። አንድ አራት ማዕዘን አወጣችና ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ። በባዶ ካርቶን ጠቅልዬ በአውቶቡስ ላክሁት።

ትናንት ትዕግሥት ደወለች። መጀመሪያ ስለዚያ ቆሞ ይጠብቅ ስለነበረው ሰውዬ ጠየቅኋት።

«የሱ ምንጣፍ ሆነ» አለች። «አዙሬ ሳየው ጀርባው ጨርቅ ነው፤ ሙጫ ተቀብቷል። ስቤ ስቤ አልነቀል አለኝ። ቅጠል ብሎ ነበር ያስመዘገበው።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ምንጣፍ ነው ብዬ። አለቃዬ ሆን ብሎ የሚል ጨምሪበት አለኝ። ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ በምን አውቃለሁ? አልጨምርም አልሁት።»

ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም።

«አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ካርቶን ደርሶኛል። ላዩ ላይ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ምንድን ነው?»

«ክፈቺው» አልኋት።